ከማን፣ ከየት፣ ጉዳዩ

መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ጸባዩ ይበላሻል። እኔ አልክድም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባለው መሥሪያ ቤታችን የሚገባው ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ይገባል፤ የሚወጣውም በእኔ እጅ ይወጣል። ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት ሳይ ሰውነቴን ያሳክከኛል። ጎረቤት እንኳ መጥታ «ውብነሽ፣ እንዲህ ተባለ እኮ» ስትለኝ «ማን አለ? መቼ?» ሳልል አላልፋትም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺን ከማናገር ማመልከቻ ማስገባት ይቀላል» ይለኝ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የሠራሁትን ጥፋት ስትሰሙ «ምን ነክቷት ነው» እንዳትሉኝ ነው።

በአርባ ስድስት ዓመቴ ዲግሪ ልማር ብዬ ተመዘገብኩ። ሥራ አመራር ነው፤ ኮሌጁ ያለው ሰመራ። ከአዋሽ ሰመራ የቀን መንገድ ስለሆነ ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። መድረክ ይሉታል። በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል። መምህሩ ትምህርቱን ይጭናል፣ ተማሪው የቤት ሥራውን ያስገባል። የውይይት ገጽ የሚባልም አለ፤ ሁሉም በየስሙ ገብቶ ሐሳቡን ይጽፍበታል፣ ሌላው ይመልስለታል። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ። የተጻፈው ሁሉ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው። «ይሄማ የእኔው መዝገብ ቤት ነው» አልኩ። ቢሯችን ውስጥ ኮምፒውተር ለማስነሳት ሰው የሚጠሩ ወጣቶች አሉ፤ እኔ ግን በሁለት ሳምንት ተላመድኩት። ይህቺን ለጉራ ነው የነገርኳችሁ።

የመጨረሻውን ኮርስ የምታስተምረን መምህርት ኑሀሚን ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። በቡድን ከፋፈለችንና «በምታውቁት አካባቢ ያለ አንድ አገልግሎት እንዴት እንደሚሻሻል አጥንታችሁ አቅርቡ» አለች። የእኛ ቡድን ሦስት ሰው ነው። አንዷ እኔ። ሁለተኛዋ ሰዓዳ፣ ዱብቲ የምትሠራ የአፋር ልጅ፣ ነርስ ናት፤ ሳቅ የማይጠፋት የሠላሳ ዓመት ሴት። ሦስተኛው የከባድ መኪና ሹፌሩ ኃይለ ልዑል ነው።

ስለ እሱ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነውና። ዐሥራ አንድ ዓመት የጅቡቲን መስመር ነድቷል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ሰመራ አጠገብ ሎግያ ናቸው። መንገዱ በቤቱ ደጃፍ ያልፋል፤ እሱም ከመንገዱ ጋር ያልፋል። በዐሥር ቀን አንድ ሌሊት እቤቱ ካደረ ተመስገን ነው። የሚሠራበት ድርጅት ሰመራ ባለው ቢሮው የስምሪት ሥራ ይዞለታል፤ መኪኖቹን ቁጭ ብሎ የሚያሰማራበት ሥራ። ግን እስከ ሰኔ ሠላሳ ዲግሪውን ይዞ መቅረብ አለበት። የቀረው ኮርስ ይህ አንድ ብቻ ነው። ካለፈ ከመሪው ወርዶ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ከወደቀ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን የነገረኝ በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ሳልጠይቀው። «እትዬ፣ ትንሹ ልጄ የሚያውቀኝ በክላክሴ ድምፅ ነው» አለኝ።

የጥናቱን ርዕስ ያመጣውም እሱ ነው። ደግነት የሚባል ሹፌር ጓደኛው ሰርዶ ከተማ ላይ ጎማ ሲቀይር ራሱን ስቶ ወደቀ። ለካ የደም ግፊት ነበረበት፤ እሱ ግን አያውቅም። ብቻ ተርፏል፤ አሁን ጨው የሌለው ወጥ እየበላ አገሩን ያማርራል። «ሹፌሮች ግፊታቸውን የሚለኩበት ዘዴ እንፈልግ» አለ ኃይለ ልዑል። ሰዓዳም ነርስ ስለሆነች ወዲያው ተስማማች።

ሥራው እንዴት ይሠራ? ኃይለ ልዑል እየነዳ አይጽፍም፤ ሲቆም ደግሞ ወይ ኔትወርክ የለም ወይ እንቅልፍ አለ። ሰዓዳም ተረኛ ናት። ስለዚህ ሁለቱም ለእኔ ይደውላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ ተባባልን። እኔም እንደ ልማዴ አንድ ደብተር ገዝቼ አሰመርኩ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ከማን፣ ከየት፣ ጉዳዩ። ዳር ላይ ደግሞ «ምርመራ»። ምርመራ በመዝገብ ላይ አስተያየት የሚሰፍርበት ዓምድ ነው። ቢሮ «ታይቷል»፣ «ተመርቷል» ነው የምጽፍበት። በራሴ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል ብዬ የሆዴን እጽፍበት ነበር።

ግንቦት ዐሥራ ሁለት ቀን ኃይለ ልዑል ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ደወለ።

«እትዬ፣ ሹፌር ሐኪም ቤት አይሄድም። ለምን ብትዪ፣ መኪናውን የት ያቁመው? ጎሚስታ ጋ ግን ባይወድም ይሄዳል። ጎማው እስኪለጠፍ አንድ ሰዓት ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሰው ያማል። ያን ጊዜ ክንዱን ይዘሽ ግፊቱን ብትለኪው የት ይሄድብሻል?»

እውነቱን ለመናገር እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ባስብ ይህ አይመጣልኝም። ቃል በቃል ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። ወደ መድረኩ ስወስደው ግን የለመድኩት እጄ ሥራውን ጀመረ። «ቁጥር ቡ/3። ጉዳዩ፦ የአሽከርካሪዎችን ጤና ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ አሽከርካሪዎች በቆይታ ቦታዎቻቸው የቅድመ ምርመራ አገልግሎት የሚያገኙበት ሁኔታ ቢመቻች» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ውብነሽ፣ ስለ ቡድኑ» ብዬ ዘጋሁት። ጎሚስታው የት ገባ? የኃይለ ልዑልስ ስም? እኔ እንጃ። በእኛ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ በአንድ እጅ፣ በአንድ ድምፅ ነው የሚወጣው፤ ሐሳቡን ያመነጨው ሠራተኛ ስም አይጠራም። መድረኩም እንደዚያ መሰለኝ።

በወር ውስጥ ዐሥራ አራት ደብዳቤ ላክሁ። ሰዓዳ በትርፍ ሰዓቷ እየገባች ከሥር ከሥር «ጥሩ ነው፣ ግን የስኳር ምርመራም ይጨመር» ምናምን እያለች ትጽፋለች። «ፋይሉን አታበላሺብኝ» ብዬ ሁለቴ ተቆጥቻታለሁ። አልሰማችኝም፣ እሰይ።

መመሪያውን አላነበብኩም እንዳትሉኝ። አንብቤያለሁ። «ቡድኑ አንድ የጋራ ጽሑፍ ያቀርባል» የሚለውን በቀይ አስምሬበታለሁ። ከሥሩ «የእያንዳንዱ ተማሪ ተሳትፎ ከውይይት ገጹ ላይ ይመዘናል፤ ተሳትፎ የሌለው ተማሪ አያልፍም» ይላል። እሷን ዓይኔ ዘለላት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

ሰኔ ዐሥራ ስምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መድረኩን ስከፍት ውጤት ወጥቷል። ውብነሽ፣ ዐሥራ አራት ጽሑፍ፣ አልፋለች። ሰዓዳ፣ ዘጠኝ ጽሑፍ፣ አልፋለች። ኃይለ ልዑል፣ ዜሮ። አላለፈም።

ወዲያው ለመምህርት ኑሀሚን ደወልኩ።

«መምህርት፣ ሥራው እኮ የእሱ ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ» አልኳት።

«ወይዘሮ ውብነሽ፣ እኔ አምንዎታለሁ» አለች። «ግን የእኔ ማመን ለትምህርት ክፍሉ ማስረጃ አይሆንም። ሲስተሙ የሚያሳየው ሁሉንም እርስዎ እንደሠሩት ነው። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት የቀጥታ ክፍለ ጊዜ አለን። እስከዚያ ድረስ ሐሳቡ የእሱ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለ ገጹ ላይ ይጫኑ። ለእኔ በግል የሚላክ አልቀበልም፤ ተማሪው ሁሉ ካላየው አዳላች እባላለሁ።»

ልክ ናት። ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው።

ቀጥዬ ለኃይለ ልዑል ደወልኩ። ወደ ጅቡቲ ሊሻገር ገላፊ ተሰልፏል። ነገርኩት። የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አለኝ። «አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው የደከምሽው። ለባለቤቴ ግን እስከ ዓርብ አልነግራትም።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ። ፊርማ ፈልጎ የመጣ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና ተመልሶ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት ሂዱ ስላቸው አልሄድ ሲሉኝ የኖሩ ባለጉዳዮች በእንባ እንደሚመለሱ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰዓዳ ደወለች። ሁሉን አይታለች። ያን ቀን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ዳጉ አታውቂም» አለችኝ።

ዳጉ የአፋሮች ወግ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል። ያንን የሰማ ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። አዋሽ ስኖር ስንቴ አይቻለሁ፤ ጥላ ሥር ወሬ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉኝ።

«ዳጉ ሲነገር የነገረሽ ሰው አብሮ ይነገራል» አለች ሰዓዳ። «ከማን ሰማሽ? እሱስ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? የት? የነገሩ ባለቤት ከተቆረጠ የመንደር ወሬ ነው፤ ወላሂ ማንም አይቀበልሽም። አንቺ የኃይለ ልዑልን ስም ቆርጠሽ ነገሩን ብቻ አስተላለፍሽ።»

«ከማን፣ ከየት» አልኩ እኔ፣ ለራሴ።

«ምን አልሽ?»

«ሰዓዳ፣ እኔ እኮ ጽፌዋለሁ። ማን እንደነገረኝ፣ ከየት ሆኖ እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት። ደብተር አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፎቶ አንሺና ጫኚዋ።»

ደብተሩን ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ሠላሳ አንድ ጥሪ ተመዝግቧል፤ ዐሥራ ሰባቱ የኃይለ ልዑል ናቸው። ጎሚስታው አለ። ሰርዶ አንድ ጎሚስታ ጋ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ዐሥራ ሦስት ሹፌር መቁጠሩ አለ። ደስ ብሎኝ ስልኬን አነሳሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ምርመራ ላይ አረፈ።

ተራ ቁጥር አራት፣ ሰዓዳ፦ «ሰላምታው ሰባት ደቂቃ፣ ቁም ነገሩ ሁለት ደቂቃ። የእናቴን ጤና ሦስቴ ጠየቀችኝ፤ እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።» ተራ ቁጥር ሰባት፣ ኃይለ ልዑል፦ «ወሬ ያበዛል። ሐሳቡ ግን ከእኔ ይሻላል። አይነገረው።» ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ፣ መምህርት ኑሀሚን፦ «ገና ልጅ ናት። ድምፅዋ የሬዲዮ ማስታወቂያ ይመስላል። ሥራ ሠርታ የምታውቅ አይመስለኝም።»

ጉድ ፈላ። የምንማረው አርባ ሦስት ሰዎች ነን። ከመካከላችን ሁለቱ የእኔው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ስለ እነሱም ጽፌያለሁ፤ ያንን እንኳ አልነግራችሁም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ገጹን ማጠፍ ነው። ምርመራ የሚለውን ዓምድ ወደ ኋላ አጥፌ ፎቶ አነሳሁ። አየሁት። አንድ ዳሩ የተሸፈነ ኮፒ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ «ሂድ ሙሉ ገጹን አምጣ» ብዬ ስመልስ ነው የኖርኩት። ለምን እንደምመልስም አውቃለሁ፤ አንዱን የሸፈነ ሰው ሌላውንም አስተካክሎት ይሆናል። እኔ መዝገብ ቤቷ ይህን ኮፒ ራሴ ብቀበለው ደሞዜ ሐራም ይሆናል፣ ሰዓዳ እንደምትለው። ደግሞም በዚያው ገጽ ላይ ተራ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ አለ። «ከማን፦ ኃይለ ልዑል። ከየት፦ ሎግያ፣ ከመኪናው ውስጥ» ይላል። ምርመራው ላይ፦ «ሞተሩ ተነስቷል። ልጁ ከታች ሆኖ ‹መቼ ትመጣለህ› ሲል ይሰማል። እንዳልሰማሁ ሆንኩ።»

እሷን ሳነብ ማፈሩ ተወኝ። ያጠፍኩትን ዘረጋሁ። ሐሙስ ከሰዓት የተጻፈበትን ዘጠኝ ገጽ ሁሉ እንዳለ ጫንኩት። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታውን ስልኬን አልከፈትኩም።

ዓርብ አራት ሰዓት ሁላችንም ገባን። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት ሁሉ የእኔን ደብተር ያነበበ ፊት ነው። ሰዓዳ ከተረኞች ክፍል ናት፤ ስታየኝ በሻሽዋ አፏን ሸፈነች፣ ትከሻዋ ግን ይስቃል። ኃይለ ልዑል አንገቱ ላይ ፎጣ ጥሎ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል፤ አሁንም ገላፊ ነው፣ ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም።

መምህርት ኑሀሚን ገጾቹን ከፈተች። «ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ» አለችና ስለ ራሷ የጻፍኩትን ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። በዚያ ላይ ድምፅዋ በእርግጥም ማስታወቂያ ይመስላል።

«ወይዘሮ ውብነሽ» አለች፣ «የሬዲዮ ማስታወቂያ ሠርቼ አላውቅም፤ ካሁን በኋላ ግን አስብበታለሁ።» ተማሪው ሳቀ። እሷም ሳቀችና ቀጠለች። «ይህን ሳይሸፍኑ ያቀረበ ሰው ሌላውን ፈጥሮ ጻፈ ለማለት ይከብደኛል። የትምህርት ክፍሉም እንደዚሁ ብሏል። አሁን ኃይለ ልዑልን በቃል ልጠይቀው። ጎሚስታ ለምን አልክ?»

ይሄ ሞኝ ደብዳቤዎቼን ሸምድዷቸዋል። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ አሽከርካሪዎች በቆይታ ቦታዎቻቸው…» ብሎ ጀመረና ተንተባተበ። ላብ በላብ ሆነ። ጥፋቴ እንደገና መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«መምህርት፣ እኔ ልጠይቀው?» አለች ሰዓዳ። ተፈቀደላት። ድምፅዋን ዝግ አደረገችና «ኃይሌ፣ ሰላም ነህ? ከየት መጣህ? በመንገድህ ምን አየህ?» አለችው።

ትከሻው ወረደ። «ከሰርዶ ነው የመጣሁት» አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው። የጎሚስታውን ጥላ፣ የተቀመጡትን ሹፌሮች፣ ማን ራሱን እንደሚያመው፣ ማን ውኃ ሳይጠጣ እንደሚውል፣ ደግነት የወደቀበትን ቦታ ጭምር ተናገረ። መሀል ላይ ከኋላው ክላክስ ጮኸ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ስልኩን አስቀመጠ፣ አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ነዳና ቆመ፣ ካቋረጠበት ቀጠለ። አርባ ሁለት ሰው ጠበቀው። መምህርት ኑሀሚን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር የምትሰማው።

ሲጨርስ «ወይዘሮ ውብነሽ፣ የሚጨምሩት አለ?» አለችኝ።

«የምጨምረው የለኝም» አልኩ። «የቀነስኩት ነው የነበረው። ይቅርታ፣ ኃይለ ልዑል።»

ሰኞ ዕለት መድረኩን ስከፍት ከስሙ ጎን «አልፏል» ይላል። አንዴ ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩት፤ አሁንም አልፏል። ቢሮ ውስጥ ላለው ሁሉ ለስላሳ ጋበዝኩ። እነዚያ ስለ እነሱ የጻፍኩባቸው ሁለቱም ጠጡ፤ አንዱ ሁለት ጠርሙስ ጠጣ፣ የካሳ መሆኑ ነው። ሰዓዳ ደወለችና የእናቴን ጤና ጠየቀችኝ፣ ሆን ብላ። ኃይለ ልዑል ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በደወለ ቁጥር «እትዬ፣ ሐሳቤ ከማን ይሻላል ነው ያልሽው?» ይለኛል። መልስ ሳልሰጠው እዘጋበታለሁ።

ሰኔ ሃያ ስምንት የተፈረመ የዲግሪ ወረቀቱን ይዞ ድርጅቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ፤ ትንሽ ግን ቅር አለኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ልበላ ስል ስልኬ ጠራ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ። ምን ጎደለ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«ዝም ብዬ ነው። ተጋድሜ ሳለሁ ትዝ አልሽኝ» አለ።

የሞተር ድምፅ የለም። ሰው ሳህን ያስቀምጣል፣ ሴት ትጣራለች፣ ልጅ ይንጫጫል። ብዙም አላወራንም። ስንጨርስ ያንን ደብተር አወጣሁ። ኮርሱ አልቋል፤ መመዝገቡ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ያው እኔው ነኝ።

ተራ ቁጥር፦ ሠላሳ ሁለት። ከማን፦ ኃይለ ልዑል። ከየት፦ ከቤቱ። ጉዳዩ፦ የለም።

ምርመራ ላይ ስደርስ ምሳዬ እስኪቀዘቅዝ አሰብኩ። ከዚያ «ትንሹ ልጅ ሲስቅ ይሰማል። ሰማሁት» ብዬ ጻፍኩ።